ክፉው ምልክት መድኃኒት ሲጠቁም

አንባቢያን ሆይ! «ክፉ ከመስማት አለመስማት ይሻላል» እያለ ከሐኪም ደጅ የሚሸሽ ዘመድ የሌለው ከመካከላችሁ ማን ነው? ዛሬ ልናጫውታችሁ ያሰብነው አንድ ክፉ ወሬ መድኃኒትን እንዴት እንደ ወለደ ነው። ነገሩ የጡት ካንሰርን የሚመለከት ነው፤ ይህም በሽታ በዓለምም ሆነ በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ በብዛት ቀዳሚው ነው።

ሰውነታችን የተሠራው ያለ ማይክሮስኮፕ ከማናያቸው ሕዋሳት መሆኑን በትምህርት ቤት ተምራችኋል። እያንዳንዱ ሕዋስ በላዩ ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ ልዩ ልዩ ተቀባዮች አሉት። ሥራቸውም በግቢ በር ላይ ቆሞ የውጭውን መልእክት ወደ ቤት እንደሚያደርስ ዘበኛ ነው። ከእነዚህ አንዱ «ኸር ቱ» ይባላል፤ ከመሰሎቹ ጋር እየተጣመረ «እደግ፤ ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። በጤነኛ ሕዋስ ላይ ዘበኞቹ በልክ ስለ ሆኑ ትእዛዙም በልክ ነው። በአንዳንድ የጡት ካንሰር ግን ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ከመጠን በላይ ይበዛል፤ በአንድ ሕዋስ ላይ ብቻ ዘበኞቹ እስከ 2 ሚሊዮን ሊደርሱ ይችላሉ። ሁሉም በአንድነት «ተባዛ» እያሉ ሲጮኹ ሕዋሱ ዕረፍት አጥቶ ይራባል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዶክተር ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቻቸው ከ189 ሴቶች የተወሰደ የጡት ዕጢ መርምረው ውጤቱን አስታወቁ። ከ100ው ወደ 30 በሚጠጉት ላይ ጂኑ በዝቶ ተገኘ። የእነዚህም ሴቶች በሽታ ቶሎ የሚያገረሽ፣ ዕድሜያቸውም የሚያጥር ሆኖ ታየ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ሰፋፊ ምርመራዎች ቍጥሩ ከ100ው ከ15 እስከ 20 ያህል መሆኑ ታውቋል።

እንግዲህ አስቡት! «ያንቺስ የከፋው ነው» ከማለት በቀር የሚሰጣት ነገር የሌለው ሐኪም ባይነግራት አይሻልም ነበርን? ተመራማሪዎቹ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። ዘበኛው የሚቆመው በበሩ ላይ ነው፤ በበር ላይ የቆመውን ደግሞ ወደ ቤት ሳይገቡ ከውጭ መያዝ ይቻላል።

በዚህ መንገድ «ትራስቱዙማብ» የተባለው መድኃኒት ተሠራ። ይህም ሰውነታችን ተውሳክን ለመከላከል ከሚሠራቸው ፀረ እንግዳ አካላት ወገን ሲሆን፣ ከኸር ቱ ጋር ተጣብቆ ትእዛዙን ያዳክማል፤ ሕዋሱንም ለሰውነት ተከላካዮች ይጠቁማል። በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቀደ። በሽታው በተሠራጨባቸው 469 ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት በ2001 ዓ.ም. ሲታተም፣ ሌላውን የካንሰር መድኃኒት ብቻ የወሰዱት እኩሌታ 20 ወር ያህል ሲኖሩ፣ ይህ የተጨመረላቸው እኩሌታ 25 ወር መኖራቸው ታወቀ። አምስት ወር ጥቂት መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን በ2005 ዓ.ም. መድኃኒቱ በሽታው ሳይሠራጭ ከቀዶ ጥገና በኋላ ለታመሙት ሲሰጥ፣ የማገርሸቱ ነገር በግማሽ ያህል መቀነሱ ተገለጠ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ዓ.ም. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አገባው።

ይህ መድኃኒት ለሁሉ አይሆንም። ኸር ቱ ላልበዛባት አይታዘዝም፤ ልብን ሊያደክም ስለሚችልም የልብ ክትትል ያስፈልገዋል፤ ዋጋውም ለብዙ ሰው ኪስ ከባድ ነው። ለማን እንደሚሰጥ የሚለየው ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው፤ ውጤቱም ከ0 እስከ 3 ይመዘናል። 2 ሆኖ አጠራጣሪ ሲሆን ጂኑ ራሱ ይቈጠራል።

ስለዚህ አንባቢያን ሆይ፣ እናታችሁ ወይም እኅታችሁ በጡቷ ላይ ዕጢ ብታገኝ፣ ባያማትም እንኳ፣ «ይጠፋል» ብላችሁ አትቈዩ። ካንሰር መሆኑ ከታወቀም «ካንሰር ነው» በሚለው ቃል ብቻ ደንግጣችሁ አትመለሱ፤ «የትኛው ዓይነት ነው? ኸር ቱስ ተመርምሯልን?» ብላችሁ ጠይቁ። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ሲሉ የተናገሩት ለታማሚው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ላለነውም ጭምር ነው።