አበሉ ይወራረዳል፤ አዋሽስ?

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሁለት ነገር ይወርዳል። አንዱ ተሰብሳቢ ነው። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት በሚሰጠው የክፍያ መንገድ ሽው ብሎ ይመጣል፤ ለሥልጠና፣ ለወርክሾፕ፣ ለ«ግንዛቤ ማስጨበጫ»። ውሎ አበሉን ፈርሞ ይቀበላል፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ስብሰባውን ያጨበጭብለታል፣ ይመለሳል። ሁለተኛው ቆሻሻ ውኃ ነው። በአቃቂ ወንዝ አድርጎ አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከዚያ አዋሽን ተቀላቅሎ ቆቃ ላይ ይተኛል። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽም በሞጆ ወንዝ በኩል እዚያው ቆቃ ነው የሚደርሰው። ይህኛው መንገደኛ ግን የሚፈርመው የለም፤ የሚያወራርደው ደረሰኝም የለም። አዳማ ደግሞ የምትጠጣው ከቆቃ በታች ከአዋሽ ተቀድቶ የሚጣራውን ውኃ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሳሳን በመኝታ ክፍላችን የተነሳ ክርክር ነው። አንዱ ጓደኛችን፣ ልቡ ቅን የሆነ ልጅ፣ «የሕዝብ ተወካይ ሆኖ ስለ አበልና ስለ ነዳጅ መነዝነዝ ምን ይባላል? አገር እየነደደ!» አለን። ብዙዎቻችሁም እንዲህ እንደምታስቡ እናውቃለን። እኛ ግን አንስማማም። አገር የሚነደው እኮ በትልቁ ቃል ብቻ አይደለም፤ ማንም ባልጠየቀው ትንሽ ሒሳብም ይነዳል።

ሕገ መንግሥቱ ይህን ሥራ ለምክር ቤቱ የሰጠው በግልጽ ነው። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። አንቀጽ 54 አባላቱ ከሚገዙላቸው ነገሮች አንዱ ሕሊናቸው ነው ይላል። ዋናው ኦዲተር በየዓመቱ ሪፖርቱን ይዞ እዚያ አዳራሽ ይቆማል፤ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ደጋፊ ማስረጃ የሌለው ወጪ፣ ከመመሪያ ውጭ የተፈጸመ ክፍያ። ርዕሶቹን በቃላችን ይዘናቸዋል። ታዲያ ጠያቂው የት አለ?

ጠያቂ ድሮም አልበዛልንም። በ2002ቱ ምርጫ ከ547 ወንበሮች ለተቃዋሚ ፓርቲ የተረፈው አንድ ነበር፤ አቶ ግርማ ሰይፉ የተቀመጡበት። በ2007 እሱም ጠፋ፤ ወንበሩ ሁሉ የገዥው ፓርቲና የአጋሮቹ ሆነ። ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ የአብኑ አቶ ክርስቲያን ታደለ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን በሰብሳቢነት ያዙ። የኦዲት ግኝት ተይዞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ሲፋጠጡ፣ ኃላፊ ሲያልበው፣ ሕዝብ በቴሌቪዥን አየ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን፣ ታሰሩ፤ በ2016 ያለመከሰስ መብታቸው ተነሳ። ክሱ የተያያዘው ከአማራ ክልሉ ግጭት ጋር ነው፤ ስለ አበል አይደለም። ጥያቄያቸው አሳሰራቸው ብለንም አንደመድምም። በፖለቲካቸው የማንስማማም ከመካከላችን አለን። ግን ከእሳቸው ቀጥሎ ማይክራፎኑን የሚጨብጠው አባል ምን ትምህርት ይወስዳል? እስቲ ራሳችሁን እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጡት።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። አዳማ በአበል ትበላለች። ሆቴሉ፣ ባጃጁ፣ ጁስ ቤቱ፣ የአልጋ አንጣፊዋ ደመወዝ፣ ሁሉም የተሰብሳቢውን መምጣት ይጠብቃል። ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀነው መካከል እናቱ አዳራሽ ጠርጋ ያስተማረችው አለ። እና «ስብሰባ ይቅር» ስንል የማንን እንጀራ እንደምንነካ አጥተነው አይደለም። ቢሆንም አዲስ አበባ ውስጥ የራሱ አዳራሽ ያለው መሥሪያ ቤት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚሰበሰበው ለእናታችን አዝኖ አይደለም፤ ከከተማ ካልወጣ አበል ስለማይታሰብለት ነው። ለእናታችን የደረሳት ፍርፋሪው ነው። ውኃው ግን ሙሉውን ደርሷታል!

አሁን ወደማይወራረደው ዕዳ እንምጣ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። በ2001 የወጣው ደንብ ቁጥር 159 ነባር ፋብሪካዎች ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ የአምስት ዓመት ዕፎይታ ሰጠ። አምስቱ ዓመት ካለቀ አሥር ዓመት አልፏል። የመንግሥት ሒሳብ የሚመዘግበው በጠቅላላው የተንቀሳቀሰን ገንዘብ ነው፤ የተበከለ ወንዝ ገንዘብ እስኪበላ ድረስ በመዝገቡ የለም። በላ እንበልና፣ ያን ጊዜም የሚከፍለው የበከለው ሳይሆን የጠጣው ነው።

መተሐራ ሄዶ በሰቃን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሐይቅ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ከ40 በላይ ሆነ። ውኃው ጨዋማ ነው፤ ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ የግጦሽ መሬት ውጧል፤ የጅቡቲን መንገድ ተጋፍቷል። አጥኚዎች በመንስኤው ይከራከራሉ፤ ከመስኖ የሚሰርገው ነው የሚል አለ፣ የከርሰ ምድር ፍል ውኃ ነው የሚልም አለ። ይከራከሩ። ነገር ግን በአጠገቡ ያለው የስኳር እርሻ ከ1967ቱ ውርስ ጀምሮ ለረጅም ዘመን የመንግሥት ንብረት ሆኖ ሲሠራ፣ ባለቤቱም ተቆጣጣሪውም መንግሥት ነበር። ራሱን ከሶ ራሱን የሚቀጣ መንግሥት ማን አይቷል? አቢጃታን አናነሳውም፤ እሱ ደግሞ በተቃራኒው እየደረቀ ነው፤ ስለ እሱ ለብቻው መጻፍ ይኖርብናል።

የምክር ቤት አባላት ለመስክ ምልከታ ወደዚህ ይመጣሉ። በአበል። አንከለክላቸውም፤ ይምጡ። በክፍያው መንገድ ሳይሆን በአሮጌው ይምጡና ሞጆ ድልድዩ ላይ መኪናቸውን ያቁሙ፤ መስኮታቸውን ዝቅ ያድርጉ፤ ሽታው የቀረውን ያስረዳቸዋል። ከዚያ አዳራሽ ተመልሰው የሚመለከተውን ሚኒስትር ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁልን። ዕፎይታው ካለቀ ወዲህ ስንት ፋብሪካ በአዋጁ መሠረት የማጽጃ ከፈለ? የከፈለው ብር ስንት ነው? አንድም ካልከፈለ፣ ያልተሰበሰበው ዕዳ በማን ስም ተይዟል?