ቤተ መዘክር የቤተ ክርስቲያን ምትክ አይደለም

«ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን ጠቧል፤ ጣሪያውም ያፈስሳል፤ ስለዚህ ይፍረስና በሲሚንቶ ሰፊ ሕንፃ ይሠራ፤ ሥዕሉም የሚያሳሳ ከሆነ ወደ ቤተ መዘክር ይግባ» የሚል አሳብ በየጊዜው እንሰማለን። ይህን የሚሉት ሰዎች ለቤተ እግዚአብሔር ክብር ቀንተው እንደሆነ አንጠራጠርም። ዳሩ ግን አሳባቸው የቀና ቢሆንም መንገዱን ስተዋል።

እስቲ ጎንደርን እንመልከት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ደርቡሾች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. የከተማይቱን አብያተ ክርስቲያናት ባቃጠሉ ጊዜ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ከመቅደሱ መግቢያ በላይ ሥላሴና ስቅለቱ ተሥለዋል፤ በሰሜኑ ግድግዳ ሰማዕታት በፈረስ ይጋልባሉ፤ ከጣሪያውም የመላእክት ፊቶች ቁልቁል ይመለከታሉ። እያንዳንዱ ሥዕል የተቀመጠበት ስፍራ ራሱ ትምህርት ነው። ወደዚያ የሚገባ ሰው፣ ምእመንም ቢሆን እንግዳ፣ ማንም ሳያዝዘው ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው በቀለሙ ብቻ ተማርኮ አይደለም፤ ሥዕሉ፣ ግድግዳውና ጸሎቱ ሳይለያዩ ስለቆዩ ነው።

በዚያው በጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ዕጣ ግን ሌላ ሆነ። ሥዕሎቹ በሸማ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ስለነበሩ፣ በማርሴል ግርዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. ከግድግዳው አላቅቆ ወሰዳቸው፤ በምትካቸውም የጓዱ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው አዲስ ሥዕሎች ተለጠፉ። የጥንቶቹ ዛሬ በፓሪስ ኬ ብራንሊ በተባለው ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ሸማው ተጠብቋል እንበል፤ ነገር ግን የጎንደር ተማሪ የአያቶቹን ሥዕል ለማየት ባሕር መሻገር ካለበት፣ የተጠበቀው ለማን ነው?

እንዲህ ስንል ቤተ መዘክርን መንቀፋችን አይደለም። በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር የሰበሰባቸው ሥዕሎች ብዙ ሠዓሊና ብዙ ተመራማሪ አስተምረዋል። ባለቤት ላጣው ቅርስ ቤተ መዘክር መጠጊያ ነው፤ ባለቤት ላለው ቅርስ ግን ማፍረሻ ሰበብ ሊሆን አይገባውም። የፈረሰ ግድግዳ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አይተከልም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለማደስ የባለ ሥልጣኑን ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል። ሕጉ ካለ የጎደለው ትጋት ነው። እንግዲህ ሹሙ መዶሻው ሳይነሣ ይድረስ፤ መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ወደ አጥቢያው ደብር ይሂድ፤ ተማሪውም ያየውን ይጻፍ፣ ይሣል። ጣሪያው የሚያፈስስ ከሆነ ጣሪያው ይጠገን፤ ምእመናኑ ከበዙም አዲሱ ሕንፃ ከአሮጌው አጠገብ ይሠራ። አባቶቻችን በእጃቸው ሠርተው ያቆሙትን እኛ በእጃችን አፍርሰን፣ ለልጆቻችን ስሙን ብቻ ብናወርሳቸው፣ አደራ በላ መባላችን አይቀርም።