የሜንገር ቤትና መበለቲቱ

በቴክሳስ ግዛት፣ በሳን አንቶኒዮ ከተማ፣ አላሞ ከተባለው ታሪካዊ ምሽግ አጠገብ የቆመው ሜንገር ሆቴል የሚጠራው በባልየው ስም ነው፤ ዜና ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ ለመረመረ ሰው ግን ስሙ እኩሌታውን ያስቀረ ሆኖ ይታየዋል።

ዊልያም ሜንገር በጀርመን አገር በሄሰን ተወልዶ፣ ገና በወጣትነቱ ባሕር ተሻግሮ ወደዚያች ከተማ በደረሰ ጊዜ የሚተዳደረው በርሜል በመሥራት ሲሆን፣ ያረፈውም እንደ እርሱ ከጀርመን የፈለሰች ሜሪ ጉንተር የተባለች መበለት ለተከራዮች አልጋና ማዕድ ታቀርብበት በነበረው ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ተጋቡ። እንግዲህ እንግዳ ተቀብሎ ማሳደርን አስቀድማ ሙያዋ ያደረገች እርሷ ስትሆን፣ እርሱ ከእንግዶቿ አንዱ ነበር ማለት ነው።

በርሜል የሚያበጅ ሰው በርሜሉን የሚሞላበትን ነገር ማሰቡ አይቀርምና (ይህ የራሴ ግምት ነው)፣ በ1855 ቻርልስ ዴገን ከተባለ የጠመቃ ጥበብ ከሚያውቅ የአገሩ ሰው ጋር በአላሞ አደባባይ ቢራ መጥመቅ ጀመረ። ቢራው የሚቀመጠው ግንቡ በወፈረ ምድር ቤት ነበር፤ ቅዝቃዜውን የሚሰጠውም፣ ቀድሞ የስፔን መነኮሳት የተልእኳቸውን እርሻ ለማጠጣት ያስቆፈሩት የመስኖ ቦይ ነው። እነዚያ አበው ውሃቸው በመጨረሻ ምን እንደሚያገለግል ቢያውቁ ምን ይሉ ኖሯል!

ሆቴሉ በ1859፣ በየካቲት መግቢያ ገደማ፣ ባለ ሁለት ፎቅና 50 ክፍል የጥርብ ድንጋይ ሕንጻ ሆኖ ተከፈተ። የምድር ባቡር ሳን አንቶኒዮ የገባው በ1877 ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ለሆቴሉ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ከወደብ የሚደርሰው በጋሪ እየተጎተተ ነበር። የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት መጥቶ አለፈ። በ1871 ዊልያም ዐረፈ።

ሜሪ ዳግመኛ መበለት ሆነች፤ ቤቱ ግን አልተዘጋም። ከልጇ ከሉዊስ ጋር ዐሥር ዓመት ያህል፣ ቀድሞ በትንሹ ቤቷ እንደ ለመደችው፣ የእንግዳውን አልጋ እያስነጠፈች፣ ማዕዱን እያሰናዳች፣ ሂሳቡን እየተቆጣጠረች አስተዳደረችው። በ1881 ለካምፕማን፣ ለሌላ ጀርመናዊ ስደተኛ፣ በ118,500 ዶላር ሲሸጥ፣ ለቤት ዕቃው ደግሞ 8,500 ዶላር ለብቻው ተከፈለ።

ዛሬ ጎብኚ ሁሉ ተሽቀዳድሞ የሚያየው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1898 ለኩባ ዘመቻ ፈረሰኞች መለመለበት የሚባለውን የሆቴሉን መጠጥ ቤት ነው። መጠጥ ቤቱ የተሠራው በ1887፣ ሜሪ ሆቴሉን ከሸጠች ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። እኔ አስጎብኚ ብሆን ኖሮ እንግዶቼን ከዚያ አላስጀምራቸውም፤ አስቀድሜ ሆቴሉ ሳይታሰብ፣ ቢራውም ሳይጠመቅ፣ አንዲት መበለት ለአንድ በርሜል ሠሪ አልጋ ስላከራየችበት ስለዚያ ትንሽ ቤት እነግራቸው ነበር።