ቤዝ ምንጣፍ አይደለም

ሮክ እንሠራለን የሚሉ የከተማችን ልጆችን አዳዲስ ቅጂዎች ባዳመጥኩ ቁጥር አንድ ነገር ይደጋገምብኛል። ጊታሩ ይጮኻል፣ ድራሙ ይደበድባል፣ ቤዙ ግን የለም። አለ ከተባለም እንደ ጎረቤት ጄኔሬተር ከሥር ያጉረመርማል እንጂ አይጫወትም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ የታወቀ ነው፦ «የኮምፒውተር ቤዝ ነዋ፣ ምን ይደረግ!» ይህን መልስ አልቀበልም። ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም፤ ቤዝን ከሥር የሚነጠፍ ምንጣፍ አድርጎ የሚያይ አቀናባሪ ነው ጥፋተኛው።

የኮምፒውተር ቤዝ መጠቀም በራሱ አያሳፍርም። እኔ በምሠራበት በልደታ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ማለት አልጋው የወጣለት መኝታ ቤት ነው። ከግድግዳው ወዲያ ሕፃን ተኝቷል። እዚያ የቤዝ አምፕ ከፍቶ መቅዳት ከጎረቤት ጋር መጣላት ነው። መሣሪያውን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ እንሰካው ቢባል እንኳ ጥሩ ቤዝ ጊታርም ጥሩ ተጫዋችም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ሶፍትዌሩ ደግሞ ድሮ የምናውቀው አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 የወጣው ሞዶ ቤዝ የተቀዳ ድምፅ አያጫውትም፤ የክሩን ንዝረት እያሰላ ይፈጥረዋል። በጣት ይሁን በፒክ፣ በየትኛው ክር፣ ለብሪጁ ምን ያህል ቀርቦ እንደሚመታ መምረጥ ይቻላል። ታዲያ ሰበቡ ምንድን ነው?

ሰበቡ እጃችን ነው። አብዛኛው አቀናባሪ ኪቦርድ ተጫዋች ስለሆነ ቤዙንም እንደ ኪቦርድ ይጽፈዋል። የኮርዱን ሥር ድምፅ ያነሣና ሙሉ ባር ይዘረጋዋል፤ የእያንዳንዱ ኖታ ኃይልም እኩል ነው። እንዲህ የሚጫወት ቤዚስት የለም። ቤዚስት ግራ እጁን ሲያነሣ ድምፁ ይሞታል፤ ቀኝ እጁ አንዴ ይጠነክራል፣ አንዴ ይላላል፤ ከኖታ ወደ ኖታ ሲሄድ ይንሸራተታል። የሮክ ቤዝ ግማሹ ዝምታ ነው። አንዳንዱ አቀናባሪማ ባለ አራት ክር ቤዝ ጭራሽ የሌለውን ኖታ ይጽፋል፤ የመጨረሻው ወፍራም ክር ክፍቱን ሲመታ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፣ ከዚያ በታች መሬት ነው። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የተባለው ለዚህ ነው።

ይህ ሳይስተካከል ፕላግኢን መደርደር ትርፉ ድካም ነው። ከተስተካከለ ግን ሚክሱ ያን ያህል አይከብድም። መጀመሪያ የሚወሰነው ከቤዙና ከኪኩ ማን ከታች እንደሚቀመጥ ነው፤ ሁለቱም አንድ ወንበር ላይ ከተቀመጡ ሁለቱም ይወድቃሉ። የዲስቶርሽን ጊታሩን ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡለት። ብቻውን ሲሰማ ይቀጥናል፣ አትደንግጡ፤ የተነሣለት ቦታ የቤዙ ነው። ከዚያ ቤዙን ለሁለት ክፈሉት። የታችኛው ንጹሕ ሆኖ በኮምፕረሰር ጠበቅ ይበል። የላይኛው፣ ከ200 ኸርዝ በላይ ያለው፣ ዲስቶርሽን ይቅመስ። ሁለቱ እርስ በርስ እንዳይጣፉ በሞኖ አዳምጧቸው።

ይህ ለምን አስፈለገ? አድማጫችን ያለው ስልክ ላይና ሚኒባስ ውስጥ ስለሆነ ነው። የስልክ ስፒከር 41 ኸርዝ አያወጣም። ጆሮ ግን ብልህ ነው፤ ከላይ ያሉትን ተከታይ ድምፆች ከሰማ የጎደለውን ሥር ራሱ ይሞላዋል። ዲስቶርሽኑ የሚጨምረው እነዚያን ድምፆች ነው። «ቤዙ አይሰማም» ሲባል ድምፁን ብቻ ከፍ የሚያደርግ ሰው ጉርምርምታውን ነው የሚያበዛው።

በሌላ በኩል «በእጅ ካልተመታ ሙዚቃ አይደለም» የሚሉ አሉ። ናፍቆታቸው ይገባኛል። የዋልያስ ባንዱን መላከ ገብሬን፣ የአይቤክስና የሮሃውን ጆቫኒ ሪኮን የሰማ ሰው ቢናፍቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቤዚስቱን ከወንበሩ ያነሣው ሶፍትዌር አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ከመምጣቱ በፊት የኪቦርዱ ግራ እጅ ቦታውን ይዞት ነበር። ያጣነው ጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ያጣነው ዘፈኑን ከታች ወደ ላይ የሚያስብ ሰው ነው። ጃኖ ባንድ በ2012 ያወጣውን «ኤርታሌ» ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል ራሱ ቤዚስት መሆኑን ልብ በሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ ቤዝ መጨረሻ ላይ የሚታወስ ነገር ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ተዘጋጅቶ የሚመጣው ግሩቭ ነው። በ2020 የወጣው ኢዚቤዝና መሰሎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ የቤዝ ሐረጎች ይዘው ይመጣሉ፤ የተሠሩት ግን በአብዛኛው ለሌላ አገር ምት ነው። የእኛ ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ይረግጣል። ድራሙ ችክችካ ሲመታ ቤዙን ከፕሪሴት ጎትቶ ማምጣት እስክስታ የማያውቅ እንግዳን መሀል ሜዳ ላይ ማቆም ነው። ጊታሩን በአምባሰል ወይም በባቲ አስጊጠን፣ እግሩን ከሌላ ሰው ተውሰን፣ «የኢትዮጵያ ሮክ» ብለን ልንጠራው አይገባም።

«አድማጩ ልዩነቱን አያውቅም» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አድማጩ ስሙን አያውቅም፤ ራሱ የማይወዛወዝበትን ዘፈን ግን ሳይጨርስ ያልፈዋል። ስለዚህ መፍትሔው ይህ ነው፦ አንድ ቤዚስት ጥሩ፣ ለአንድ ሰዓት ክፈሉት። ያ ሰው መስመሩን በጣቱ ያሳያችሁ፣ እናንተ ኖታ በኖታ ሶፍትዌሩ ላይ ጻፉት፣ ስሙንም ከሥራው ጋር አስፍሩ። ድምፁ ከኮምፒውተር ቢወጣ ግድ የለኝም። ሐሳቡ ግን ከቤዚስት መምጣት አለበት።