ስምንቱ ሳምንት ለማን ነው?

ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይህ ምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ትምህርት ነው፤ በልጅነቱ የተማረ አይረሳም ለማለት። እኛ ግን ባለፈው ዓመት አቦምሳ ላይ ያየነው የምሳሌውን ሌላ ገጽ ነው። ልጅ የተመታበትን ዱላም አይለቅም። ሌሊት የሰማውን ጩኸትም አይለቅም። ትቶት የሄደውን ሰውም አይለቅም። በዚህ ጽሑፍ ለመናገር የተነሣነው በተለይ ስለዚህ ስለ መጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ትተው ከሄዱት ሰዎች መካከል እኛም አለንበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ክፍላችን ለተግባር ልምምድ፣ ማለትም ሁላችንም ኢንተርንሺፕ ለምንለው ሥራ፣ አራታችንን ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት መጨረሻ ለስምንት ሳምንት ወደ አቦምሳ መደበን። አቦምሳ በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ከተማ ናት። መርቲ የሚለውን ስም አብዛኞቻችን የምናውቀው ከማርማላታው ጣሳ ላይ ስለ ነበር፣ ስንሄድ በሐሳባችን የነበረው የብርቱካን እርሻ ነው። ደርሰን ያገኘነው ግን አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ኳስና ሠላሳ ያህል ልጆች ነው።

ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ስለሚያስተምር የጧት ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ፣ የከሰዓት ተማሪዎች ጧት ወደ አዳራሹ ይመጣሉ። የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ይጫወታሉ፤ ዳቦና ሻይ ይቀምሳሉ፤ ከመምሸቱ በፊት ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ከውጭ ለሚያየው ተራ የማስጠኛ ክፍል ይመስላል። ልጆቹ ግን ወደዚያ የመጡት በትምህርታቸው ስለ ደከሙ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ በቤቱ ዱላ የበዛበት ነው። አንዳንዷ እናቷ ስትደበደብ እያየች ያደገች ናት። አንዳንዱ ደግሞ የተወለደበት ቤት ሲቃጠል አይቶ፣ ከአክስቱ ወይም ከአያቱ ጋር ወደ ከተማዪቱ የተጠጋ ነው።

ይህ የኋለኛው ነገር ለማንኛችንም እንግዳ አይደለም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ከተገደለ በኋላ በነበሩት ጥቂት ቀናት፣ አርሲን ጨምሮ በብዙ የኦሮሚያ አካባቢዎች ምን እንደ ሆነ ሁላችንም እናስታውሳለን። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ታኅሣሥ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ባወጣው የምርመራ ሪፖርት 123 ሰዎች መሞታቸውንና ቢያንስ 500 ሰዎች መቁሰላቸውን ገልጿል። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት በአርሲ ገጠሮች ደም ፈስሷል። የሞተው ተቆጥሯል፤ የቆሰለው ተቆጥሯል፤ የተቃጠለውም ቤት በገንዘብ ይገመታል። በዚያ ቀን አልጋ ሥር ተደብቆ የነበረ የአራት ዓመት ሕፃን ግን በየትኛው መዝገብ ይገባል? ሕፃኑ አልሞተም፤ አልቆሰለም። ዛሬ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነው። በር በኃይል ሲዘጋ ደብተሩን ጥሎ ይሮጣል፤ አስተማሪውም ባለጌ ነው ብሎ ይቀጣዋል።

ሕጉ ጎደለ ለማለት አንችልም። አገራችን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 10/1984 አጽድቃለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል። የጎደለው ሌላ ነው። የጎደለው በየቀኑ በ9 ሰዓት አዳራሹ በር ላይ የሚገኝ፣ ነገም የሚመጣ ሰው ነው።

አሁን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። በመጀመሪያው ሳምንት የሄድነው በወረቀት የታተመ መጠይቅ ይዘን ነው። ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራን «ምን ደረሰብህ? ማን መታህ? መቼ?» እያልን ጻፍን። አንድ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ ሦስቱን ጥያቄ ከመለሰ በኋላ ሽንቴ መጣ ብሎ ወጣ፤ ሁለት ቀን ሙሉም አልተመለሰ። ዳቦውን የሚያድሉት፣ ልጆቹ ሁሉ እትዬ የሚሏቸው ሴት፣ ማታ ጠሩንና እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እንደዚያ ስትጠይቁት ፖሊስ የመጣ መሰለው እኮ። ወረቀቱን አስቀምጡና መጀመሪያ ኳሱን አብራችሁት ተጫወቱ።»

እጅግ አፈርን። ያፈርንበትም ምክንያት ነገሩን ባለማወቃችን አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና ርዳታ መመሪያ፣ ጉዳት የደረሰበትን ሰው የሆነውን ተናገር ብሎ ማስገደድ እንደማይገባ በግልጽ ይናገራል። ይህን በክፍል ተምረነዋል፤ ተፈትነንበትም አልፈናል። ነገር ግን ወደ አቦምሳ ይዘን የሄድነው መመሪያውን ሳይሆን የሪፖርቱን ቅጽ ነበር።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ወረቀቱን አስቀመጥነው። ከአራታችን አፋን ኦሮሞ አጥርቶ የሚናገረው አንዱ ብቻ ስለ ነበር፣ ሦስታችን ከልጆቹ መማር ጀመርን፤ ልጆቹም ስንሳሳት እየሳቁ አረሙን። በየቀኑ በዚያው ሰዓት ደረስን፤ በየቀኑ በዚያው ቦታ ተቀመጥን፤ ያልነውን አደረግን። ሌላ ጥበብ አልነበረንም። ግቢውን በር ለማየት ሁልጊዜ ከአዳራሹ ደጃፍ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። በአምስተኛው ሳምንት ማንም ሳይነግራት ተነሥታ መካከለኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አንድ ቀን ግን ስብሰባ ይዞን አንድ ሰዓት ዘግይተን ብንደርስ፣ ወደ ደጃፉ ተመልሳ አገኘናት። በዚያ ቀን የተማርነውን ያህል በሦስት ዓመት የክፍል ትምህርት አልተማርንም።

ከዚያ በኋላ ስምንተኛው ሳምንት ደረሰ። በመጨረሻው ዓርብ ከረሜላ ገዛን፤ ፎቶግራፍ ተነሣን። ያ ሽንቴ መጣ ብሎ የወጣው ልጅ ቦርሳችንን እያየ «ዮም ዴቢቱ?» አለን፤ መቼ ትመለሳላችሁ ማለቱ ነው። ከመካከላችን አንዱ «በቅርቡ» አለው። ውሸት እንደ ሆነ አራታችንም እናውቅ ነበር። በሪፖርታችን «ሠላሳ ሕፃናት አገልግሎት አግኝተዋል» ብለን ጻፍን፤ መልካም ውጤትም ተሰጠን።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ስምንቱ ሳምንት ለማን ነው? የተቆረጠው በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ዘመን አቆጣጠር ነው። የሚያልቀው የእኛ ፈተና ሲደርስ ነው። ውጤቱም የሚጻፈው በእኛ መዝገብ ላይ ነው። ሰው እየመጣ የሚጠፋበትን ልጅ አንድ ጊዜ ለምዶ እንደገና እንዲያጣ የምናደርገው ከሆነ፣ ያደረግንለት ርዳታ ነው ብሎ ለመናገር ድፍረት ይጠይቃል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ስምንት ሳምንት ከምንም ይሻላል ይሉናል። ለጉድጓድ ቁፋሮ ቢሆን እውነታቸውን ነው፤ ስምንት ሳምንት የተቆፈረ ጉድጓድ ሌላው ይቀጥለዋል። የልጅ እምነት ግን የጀመረው ሰው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል፤ የሚቀጥለውም ሰው የሚጀምረው ከነበረበት ሳይሆን ከዚያ በታች ነው። ሌሎች ደግሞ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፣ ተማሪ ምን አቅም አለው ይላሉ። የመንግሥትን ድርሻ ለመንግሥት እንተወው፤ አጥፊን መቅጣትና ሰላም ማስከበር የእርሱ ነው። ወደ አዳራሹ የተላክነው ግን እኛ ነን፤ አላላክ ደግሞ በእጃችን ያለ ነገር ነው።

ከእኛ በፊት የነበሩትን ተማሪዎች እናስታውስ። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ደንብ ሲጀመር፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ታዘዘ፤ ብዙዎቹም አስተማሪ ሆነው ሄዱ። ግዴታ መሆኑን ያልወደዱ ነበሩ፤ ጉድለቱም ብዙ ነበር። ያ ደንብ ግን አንድ ትልቅ ነገር ነበረው፦ መስከረም ላይ ያስተማረው ሰው ሰኔም ላይ ነበረ። ልጁ ክረምትንም በጋንም ከአስተማሪው ጋር ያሳልፍ ነበር። ስልክና መኪና እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን አንድ ዓመት ከተቻለ፣ ዛሬ ስምንት ሳምንት ብቻ የሚቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲወያይበትና ለዩኒቨርሲቲው እንዲያቀርብ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ከሕፃናት ጋር የሚደረግ ልምምድ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ይሁን። ሁለተኛ፣ ተተኪው ተማሪ ነባሩ ሳይወጣ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይድረስ፤ ልጁም በነባሩ እጅ ከአዲሱ ጋር ይተዋወቅ። ሦስተኛ፣ ከሚመደቡት ቢያንስ ግማሾቹ ልጆቹ የሚናገሩትን ቋንቋ የሚያውቁ ይሁኑ። አራተኛ፣ የመውጫው ቀን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለልጆቹ ይነገራቸው፤ «በቅርቡ» የሚባል ቃል አይነገር። አምስተኛ፣ ለሪፖርት ተብሎ ልጅን ስለ ደረሰበት ግፍ መጠየቅ ይቅር።

እኛም በቃል ብቻ እንዳንቀር፣ ከተመለስን በኋላ ገንዘብ አዋጥተን ባለፈው ጥቅምት ሁለታችን ወደ አቦምሳ ሄድን። እትዬ በደስታ ተቀበሉን፤ ሻይም አፈሉልን። ልጁ ከሩቅ አይቶን ኳሱን መምታቱን ቀጠለ። ልጅቷ ደጃፉ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ሰላም ብንላትም ቀና ብላ አላየችንም። አልተቀየምናትም፤ እውነት ነበራት። ስንወጣ ለሁሉም እንደምንመለስ የነገርናቸው በቀን ቈጥረን ነው፤ ኅዳርም ታኅሣሥም በተባለው ቅዳሜ ተገኘን። የጥርም ተራ ደርሷል። የአውቶቡሱን ሒሳብ ለማገዝ ወይም ተራ ገብቶ አብሮን ለመሄድ የሚፈልግ ተማሪ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስሙን ያስመዝግብ። ነገር ግን ከመመዝገቡ በፊት፣ በየካቲትም በመጋቢትም እመጣለሁ ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቅ።