የካህኑ ልጆች የማን ናቸው?



ከነቢያት ልጆች የአንዱ ሚስት፣ ባሏ በሞተባት ጊዜ ወደ ኤልሳዕ ጮኻ እንደመጣች በመጽሐፈ ነገሥት እናነባለን። ሟቹ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው ነበረ፤ ዳሩ ግን ዕዳ ትቶ ስለ ሞተ አበዳሪው ሁለቱን ልጆቿን ለባርነት ሊወስድ መጣ። እግዚአብሔርን ሲያገለግል የኖረ ሰው ባረፈ ጊዜ ልጆቹ የማን ናቸው? ጥያቄው የቆየ ነው። በዛሬው ዓምዳችን በሩቅ አገር የተሰጠውን አንድ መልስ እንመለከታለን።

በእንግሊዝ አገር፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካህናት እንዲያገቡ ከተፈቀደ በኋላ፣ የካህን ቤተሰብ ይኖር የነበረው ለደብሩ አገልጋይ በተመደበ ቤት ነው። ቤቱም ገቢውም የሹመቱ እንጂ የሰውዬው አልነበረም። ስለዚህ ካህኑ ሲያርፍ ቤቱ ለተተኪው ይለቀቃል፤ መበለቲቱና ልጆቿም ኀዘናቸው ሳይበርድ ከደጅ ይወጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ1655፣ ብዙ ካህናት ለንጉሡ ታማኝ ናችሁ ተብለው ከደብራቸው በተባረሩበት ዘመን፣ አባቶቻቸው ካህናት የነበሩ የለንደን ነጋዴዎች በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተሰብስበው ጸለዩ፤ ለተቸገሩትም ገንዘብ አዋጡ። ማኅበራቸው በ1678 ከዳግማዊ ቻርልስ የንጉሥ ቻርተር ተቀበለ። በ1749 ደግሞ አባት የሞተባቸውን የካህናት ልጆች የሚያሳድግና የሚያስተምር ሌላ ማኅበር በዮርክሻየር ተመሠረተ። ከእርሱ የወጡ ሁለት ትምህርት ቤቶች፣ አንዱ በካንተርበሪ፣ አንዱ በቡሺ፣ እስከ ዘመናችን ደርሰዋል።

ይሁንና በጎ ሐሳብ ብቻውን ልጅ አያሳድግም። በ1824 በካወን ብሪጅ ለድኾች ካህናት ሴቶች ልጆች የተከፈተው አዳሪ ትምህርት ቤት ለዚህ ምስክር ነው። ከካህኑ ከፓትሪክ ብሮንቴ ልጆች አራቱ ወደዚያ ገቡ። በማግስቱ ዓመት ሁለቱ ታላላቆች በሳንባ ነቀርሳ ታመው ወደ ቤት ተመለሱና ሞቱ። ታናሽ እኅታቸው ሻርሎት ብርዱንና የምግቡን ክፋት አልረሳችም፤ በ1847 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ ያንን ቤት ስሙን ለውጣ ሣለችው። ምጽዋት የተቀበለ ሕፃን ምጽዋቱ እንዴት እንደተሰጠው ያስታውሳል።

በእኛም ዘንድ የደብር ካህን አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ ያገለግላል። ቀድሞ ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዘ የሰሞን መሬት ነበረው፤ ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወዲህ ግን ያ ሥርዓት ቀርቷል። ካህኑ ሲያርፍ ፍትሐት እናደርሳለን፤ በአርባው ቀን ተዝካር እናወጣለን። ተዝካሩ ተበልቶ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ግን፣ ልጆቹ በማን እጅ ላይ እንዳሉ ስንቶቻችን ጠይቀናል?

በዚህችው በኢየሩሳሌም ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት፣ በዕለት ምግብ አሰጣጥ መበለቶች ተዘንግተው ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ ወደ አገራችሁ የምትመለሱ ተሳላሚዎች ሆይ፣ የእሌኒን ሻማና የዮርዳኖስን ውኃ ይዛችሁ ስትደርሱ፣ በአጥቢያችሁ ያረፈውን ካህን ቤት አንኳኩ። ልጆቹ ደብተር፣ ልብስ፣ ማደሪያ እንዳላቸው ጠይቁ፤ በእጃችሁ ያለውንም ሳታሳፍሯቸው ስጡ። እኛም በዚህ የቀረነው፣ ስማቸውን በጸሎት ስናነሣ የልጆቻቸውን ጉዳይ ከማኅበራችን ጉባኤ እንዳናርቅ ይገባናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።