የኮሎራዶ የጦር መሣሪያ ሕግ፦ የአዳኞች ተቃውሞና በግዛቲቱ የሚኖሩ ዜጎች ሊያውቁት የሚገባ

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የጦር መሣሪያ ግዥን የሚገድብ አዲስ ሕግ ከኦገስት 1 ቀን 2026 ጀምሮ በሥራ ላይ እንዲውል ተደንግጓል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በዴንቨርና በአጎራባቿ ኦሮራ በርካታ የኢትዮጵያ ተወላጆች የሚኖሩ በመሆኑ፣ የሕጉን ይዘትና ያስነሣውን ክርክር መረዳት ለእነርሱም ጠቃሚ ነው።

ረቂቁ በጃንዋሪ 2025 ለምክር ቤቱ ሲቀርብ ኋላ ከጸደቀው ይልቅ የጠበቀ ነበር። ተነቃይ የጥይት ካዝና የሚቀበሉ አብዛኞቹን ግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃዎች መሸጥንና መግዛትን ከናካቴው ይከለክል ነበር። ረቂቁን ካቀረቡት አንዱ ሴናተር ቶም ሱሊቫን ሲሆኑ፣ በ2012 በኦሮራ ሲኒማ ቤት 12 ሰዎች በተገደሉበት ጥቃት ልጃቸውን ያጡ ሰው ናቸው። ደጋፊዎቹ ያቀረቡት ምክንያት ግዛቲቱ በ2013 ከ15 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥን ብትከለክልም ክልከላው በተግባር አልሠራም የሚል ነው። ካዝናውን መቆጣጠር ካልተቻለ ካዝናውን የሚቀበለውን መሣሪያ መቆጣጠር ያስፈልጋል የሚል አመክንዮ ነው።

ተቃውሞው ወዲያውኑ ተነሣ። የጦር መሣሪያ ባለቤቶች ማኅበራት ረቂቁ መሣሪያ የመያዝ ሕገ መንግሥታዊ መብትን ይጥሳል ሲሉ፣ የአዳኞች ቅሬታ ግን ከዚህ ሰፋ ያለ ነበር። ኮሎራዶ ኤልክ የተባለው ትልቅ የአጋዘን ዝርያ በብዛት የሚገኝባት ግዛት ናት፤ አደንም በተራራማ ወረዳዎቿ የገቢ ምንጭ ነው። ከ1937 ጀምሮ በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለው የ11 በመቶ የፌዴራል ኤክሳይስ ታክስ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። ሽያጩ ሲቀንስ የጥበቃው ገንዘብም ይቀንሳል የሚለው የአዳኞች መከራከሪያ ከዚህ ይመነጫል። በተጨማሪም ትልልቅ እንስሳት በግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃ ሲታደኑ በካዝናውና በአፈሙዙ በድምሩ ከስድስት ጥይት በላይ እንዳይያዝ የግዛቲቱ የአደን ደንብ ቀድሞውንም ይገድባል። አዳኞቹ በዚህ ደንብ ሥር ለኖረ ሰው ተጨማሪ ቁጥጥር ለምን አስፈለገ ብለው ይጠይቃሉ።

ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሙሉውን ሥዕል አያሳይም። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃን፣ እንዲሁም አብዛኞቹን አነስተኛ ባለ 22 ካሊበር ጠመንጃዎች ሕጉ አይነካም። ብዙ አዳኞች የሚጠቀሙት ደግሞ እነዚህን ነው። በአንጻሩ ከከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው ለሥልጠናና ለምዝገባ የሚወጣው ጊዜና ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ የተቃውሞው ጠንካራ ጎንም ይኸው ነው።

የፖለቲካው ታሪክም በድርድሩ ላይ ጥላውን አጥልቷል። የ2013ቱን ሕግ ተከትሎ በዚያው ዓመት የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሞርስና ሌላ ሴናተር መራጮች በሰጡት ድምፅ ከሥልጣን ተነሥተዋል። ረቂቁ በመጨረሻ ተሻሽሎ ክልከላው በሥልጠና የሚታለፍ ሆነ፤ የግዛቲቱ ገዥ ጃሬድ ፖሊስም በኤፕሪል 10 ቀን 2025 ፈረሙበት።

በሕጉ መሠረት የተጠቀሰውን ዓይነት መሣሪያ የሚገዛ ሰው በቅድሚያ ከሚኖርበት ካውንቲ ሸሪፍ የብቁነት ካርድ ማውጣት፣ ከዚያም ሥልጠና ወስዶ በፈተናው 90 በመቶ ማምጣት ይጠበቅበታል። መደበኛው ሥልጠና ቢያንስ በሁለት ቀናት የሚሰጥ የ12 ሰዓት ትምህርት ነው። የአዳኞች የደኅንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ያለው ግን በ4 ሰዓት ያጠናቅቃል። ይህ ለአዳኞች የተደረገ ግልጽ ቅናሽ ነው። ሆኖም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 በፊት የተወለዱ ሰዎች የአደን ፈቃድ ለማውጣት ትምህርቱን እንዲወስዱ ስለማይገደዱ፣ ዕድሜ ልካቸውን ያደኑ አዛውንቶች ምስክር ወረቀቱ ላይኖራቸው ይችላል። ቀድሞ የተገዛ መሣሪያን በእጅ ማቆየት በዚህ ሕግ አልተከለከለም።

የውጭ ዜግነት ላላቸው ነዋሪዎች ከግዛቲቱ ሕግ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የፌዴራሉ ሕግ ነው። በቱሪስት፣ በተማሪ ወይም በጊዜያዊ ሠራተኛ ቪዛ የገባ ሰው የጦር መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው፤ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ መያዝ ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ ነው። የግሪን ካርድ ባለቤቶች በዚህ ክልከላ አይሸፈኑም። ነገር ግን የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ማንኛውም ሰው የመሣሪያ ሕግ ጥሶ ከተፈረደበት፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም እንኳ፣ ከሀገር ለመባረር ሊዳርገው ይችላል። መግዛት ለማይፈቀድለት ዘመድ ወይም ወዳጅ በራስ ስም ገዝቶ መስጠትም የፌዴራል ወንጀል ነው። በመሆኑም መሣሪያ ለመግዛት ያሰበ ዜጋ ገንዘብ ከመክፈሉ አስቀድሞ የቪዛውን ዓይነት ይዞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያማክር፣ ስለ ብቁነት ካርዱ አወጣጥም የሚኖርበትን ካውንቲ የሸሪፍ ጽሕፈት ቤት ቢጠይቅ ይመከራል።